የበዓል ካርድህን አታሳድር

ልጄ፣ እዚህ እስራኤል በሰፈራችን ባርኔአ ውስጥ የማውቀው ወጣት ሁሉ የኪስ ቦርሳው በስጦታ ካርድ የተሞላ ነው። ለሮሽ ሃሻና እና ለፋሲካ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ታቭ የሚሉት የግዢ ካርድ አለ፣ ለልደቱ ጓደኞቹ የላኩለት ባይሚ የተባለ የስጦታ ካርድ አለ። ካርዱ ላይ ስንት እንደቀረ ብትጠይቀው ግን አያውቅም። የተጨማሪ እሴት ታክሱ (ማዓም) ከፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል፣ ብዙ ሱቅም በጋዛው ጦርነት ተጎድቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘብ ተረስቶ አይቀመጥም። አንተ ሰነፍ አይደለህም፤ ቸልተኛ ነህ። ስለዚህ ስማኝ።

1. ካርድ በእጅህ በገባ ሰሞን ተጠቀምበት። ካርድ ማለት ለሱቁ ያለ ወለድ ያበደርከው ገንዘብ ነው። ሱቁ ደህና እስከሆነ ድረስ ብድርህን በዕቃ ይከፍልሃል። የወደቀ ዕለት ግን ባንኩ መያዣ ይዟል፣ ሠራተኛውንም ሕግ ያስቀድመዋል፤ አንተ ከሰልፉ ጭራ ትቆማለህ። ትልቅ ነው አይወድቅም አትበለኝ። እዚሁ አገር ክለብማርኬት የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት ከ100 በላይ ቅርንጫፍ ነበረው፤ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2005 ዕዳ አንቆት ፍርድ ቤት ገባ፣ በመጨረሻም ተፎካካሪው ሹፈርሳል ገዛው። ሜጋ የተባለው ሱፐርማርኬትም በጥር 2016 ያንኑ የፍርድ ቤት በር አንኳኳ። አሜሪካ ውስጥ ሻርፐር ኢሜጅ የተባለው ሱቅ በየካቲት 2008 ኪሳራ ሲያውጅ የስጦታ ካርድ መቀበሉን ወዲያው አቆመ። እዚያው ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ የተባለው ሱቅ በሚያዝያ 2023 ሲወድቅ ካርድ ለያዙት የሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ዜና ያልሰማ ሰው ፕላስቲክ ታቅፎ ቀረ።

2. አንተ ገዝተህ ለሰው የምትሰጥ ከሆነ፣ ዱቄትና ዘይት በሚሸጥበት ቤት የሚሠራ ካርድ ስጥ። የሽቶ ቤት ካርድ ያምራል፤ ነገር ግን ልጆች ያሏት እህትህ በዚህ ኑሮ ሽቶ ቤት ምን ልትሠራ ትሄዳለች? ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ብትሰጣትም ማንም አይስቅብህም። እኛ በሠርግም በሐዘንም ስንሰጥ የኖርነው እሱን ነው።

3. በካርዱ ላይ የተጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ አንብብ። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የገንዘብ መጠን የተጻፈበት የተገዛ ካርድ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለግላል። ሱቁ ለማስታወቂያ በነጻ የሚያድለው ግን ሌላ ነው፤ ቀኑ አጭር ሊሆን ይችላል። ካርዱ የትኞቹ ሱቆች ውስጥ እንደሚሠራና በቅናሽ (ሚቭጻ) ዕቃ ላይ ይሠራ እንደሆነም ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ሳትደርስ እወቅ። ሕጉ 5 ዓመት ይበል እንጂ የተዘጋ ሱቅ አያስከፍትልህም።

4. የካርድን ቁጥር በስልክ ለጠየቀህ ሰው አትስጥ። ይህን ከሁሉ አጥብቀህ ያዝ። መልእክት ይመጣልሃል፤ «አለቃህ ነኝ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቶሎ የአፕል ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ይላል። ወይም ባንክ ነኝ፣ መንግሥት ነኝ፣ ዕዳ አለብህ ይላል። አንዳንዴም ጎንደር ባለው የአክስትህ ልጅ ዋትሳፕ ገብቶ በእሱ ስም ያለቅሳል። አገር ቤትም ያው ነው፤ «ሽልማት ደርሶሃል፣ መጀመሪያ የስልክ ካርድ ፍቀህ ቁጥሩን ላክ» ይሉሃል። ሌባ ካርድን የሚወደው ስለሚቸኩል ነው። ባንክ የተላከ ገንዘብ አንዳንዴ ይመለሳል፤ ቁጥሩ የተሰጠ ካርድ ግን በደቂቃ ውስጥ ተበልቶ ያልቃል፣ የበላውም አይታወቅም። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2023 ብቻ ሰዎች በዚህ መንገድ 217 ሚሊዮን ዶላር እንደተዘረፉ ሪፖርት ማድረጋቸውን መዝግቧል። መንግሥትም ባንክም ዕዳውን በስጦታ ካርድ አይቀበልም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ካርድ ላይ ግን መልቀም እንኳ የለም። ስልኩን ዝጋ፣ ቀድሞ በምታውቀው ቁጥር ራስህ ደውል። አለቃህ እውነት ከሆነ አይቆጣም፤ ከተቆጣም ይቆጣ።

5. ከማታውቀው ሰው በቅናሽ ካርድ አትግዛ። የ500 ሼቄል ታቭ በ350 የሚሸጥልህ ሰው ቁጥሩን ገልብጦ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ሱቅ ሳትደርስ እሱ ይገዛበታል። ቅናሽ ከፈለግህ የሠራተኛ ማኅበርህ ወይም የክሬዲት ካርድህ ክበብ በሕጋዊ መንገድ ይሸጥልሃል። ከመደርደሪያ ስታነሣም የሚፋቀው ቦታ ያልተነካካ፣ ማሸጊያውም ያልተከፈተ መሆኑን እይ።

6. ደረሰኙን ከካርዱ ጋር አስቀምጥ፣ ቀሪውንም ጻፍበት።

7. ከተታለልህ አትደብቅ። እኛ ሰዎች በእፍረት ብዙ እናጣለን። መጀመሪያ ካርዱን ላወጣው ድርጅት ደውለህ አሳግድ፤ ገና ያልተበላ ካለ ሊተርፍ ይችላል። ከዚያ ለሳይበር ባለሥልጣኑ በ119፣ ለፖሊስ በ100 ደውል። ደግሞም ወላጆችህ ዕብራይስጡ ስለሚከብዳቸው እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣላቸው እሺ ይላሉ። በዚህ ሳምንት ቤታቸው ሂድ፣ ስልካቸውን ከጎናቸው ተቀምጠህ እይላቸው፣ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ ለአንተ እንዲነገር ከእነሱ ጋር ተስማማ።