የጎጃም ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ በምን ይታወቃል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ የሚገባ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በእርሻው መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደን ባየ ቁጥር ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ይኖራል ብሎ ቢገምት ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። አብዛኛው ጎብኚ ግን አይቆምም። ላሊበላ ከቋጥኝ ተፈልፍሏል፣ ጎንደር በግንብ ተሠርቷል፤ የዚህ ግን ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ምን ታሪክ አለው ይላል። ይህ አስተያየት የተሳሳተው ዕድሜን ከግድግዳ ስለሚፈልግ ነው። የጎጃም ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ያለው በአሠራር ሥርዓቱ፣ በአጸዱ ደንና በእድሳቱ ነው።

ሥርዓቱን ለማየት በዙሪያው መዞር ይበቃል። ቤቱ ክብ ነው፤ በውስጡ ሦስት ክፍል አለ። የውጭው ዙር ቅኔ ማኅሌት ነው፤ መዘምራኑ ከበሮና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙት እዚያ ነው። ቀጥሎ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ታቦቱ ያለበት መቅደስ ይገኛል። መቅደሱ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው፤ ጣሪያውን ወደ ላይ ይዞት የሚወጣውም እሱ ነው። ጫፉ ላይ ጉልላቱ ይቆማል፤ የሰጎን እንቁላል የተሰካበትም አለ። በምሥራቅ በኩል ያለችው ትንሽ ቤት ቤተ ልሔም ናት፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገረው እዚያ ነው። ጭቃው ሲረግፍ ይመረጋል፣ እንጨቱ ሲነቅዝ ይለወጣል፣ ይህ አቀማመጥ ግን እንዳለ ይቀጥላል።

ቁሱ ሁሉ ከተለወጠ እንዴት ያው ቤት ነው ይባላል? የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን መርጡለ ማርያም ሄዶ ማየት ይቻላል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተጠረበ ድንጋይ ነበር፤ በግራኝ ጦርነት ተጎዳ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን መልሰው ሠሩት፣ ዛሬ ግን ቅርጹ የሚያምር ፍርስራሽ ነው። ድንጋዩን የሚያድሰው ባለሙያ ሲጠፋ ሕንፃው ፈርሶ ቀረ። ጭቃንና እንጨትን ግን የአጥቢያው ገበሬ ሁሉ ያውቅበታል። ስፍራው ራሱ ከሕንፃው እንደሚበልጥም የደብረ ማርቆስ ስም ይመሰክራል፤ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ መንቆረር ትባል ነበር፣ በኋላ በታቦቱ ስም ተጠራች።

ይህን ማለት ግን እድሳት ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። የክዳኑ ሰንበሌጥ በቆርቆሮ መተካቱ ዝናብን ይከለክላል፤ ለቄሶቹም ለምእመኑም እፎይታ ነው፣ ይህን የሚነቅፍ ሰው ክረምቱን በፍሳሽ ሥር ቆሞ አላስቀደሰም። ሥዕሉ ግን ሌላ ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሥዕል ብዙ ጊዜ በሸራ ተሥሎ ጭቃው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ግድግዳው ለሲሚንቶ ሲፈርስ ሸራው ከተቀደደ የሚመልሰው የለም። ክቡን አፍርሶ ባለ አራት ማዕዘን አዳራሽ መሥራትም ሥርዓቱን ራሱን ይቆርጠዋል። እድሳት የሚያቆየው አሠራሩ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

ለጉዞው ከክረምት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ የደብረ ማርቆስ ንግሥ ሚያዝያ 30 ነው። ነጠላ ይልበሱ፣ ጫማ ያውልቁ፤ በልማዱ ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በር ይገባሉ። ቁልፉ በቄሰ ገበዙ እጅ ነውና መጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቁ፤ ፎቶ የሚያነሡትም ሲፈቅዱልዎ ነው። የመቅደሱን መጋረጃ አይለፉ። ሥዕል ላይ ብልጭታ አይጠቀሙ፣ በእጅም አይንኩት። ከአጸዱ ቅጠል እንኳ አይቀንጥሱ፤ ጽዱና ወይራው የቤተ ክርስቲያኑ አካል ናቸው።