በረዶ ላይ መንዳት፦ ከዶሃ ወደ ተቡክ ተራሮች ለሚጓዙ አባሎቻችን የቀረበ ጥናት

የትምህርት ዕረፍቱ ከገና በዓል ጋር ሲቀራረብ፣ በዶሃ የምንማር ተማሪዎች መኪና በጋራ ይዘን ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድን የምናስብበት ወቅት ይሆናል። ከሚታሰቡት ጉዞዎች አንዱ በሰሜን ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተቡክ ክልል ወደሚገኘው ጀበል አል-ለውዝ ተራራ ሄዶ በረዶ ማየት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዞውን ማስቀረት አይደለም፤ የሄደው ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንዲመለስ ማገዝ ነው። በመሠረቱ የዶሃ መኪናም የዶሃ ነጂም የተዘጋጁት ለሙቀት ነው። ብርድ ሌላ ፈተና ነው፤ ለፈተናውም የሚጠናው ከመግባት በፊት ነው።

1. ስለ ቃላቱ

በአማርኛ «በረዶ» የምንለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል፤ በክረምት ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውን ውሃ፣ እንዲሁም እንደተነደፈ ጥጥ ከሰማይ የሚወርደውን ነጭ ነገር። ሦስቱ በመንገድ ላይ ጠባያቸው አንድ አይደለም። አዲስ የወረደው ለስላሳ በረዶ ለጎማ ጥቂት መያዣ ይሰጣል፤ ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋው ግን እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ከሁሉ የከፋው በአስፋልት ላይ ስስ ሆኖ የሚረጋው ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጥቁር አስፋልት ስለሚያሳይ ነጂው መንገዱ የረጠበ ብቻ ይመስለዋል። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ሰው ይህን ጠባይ ከ«ውርጭ» ያውቀዋል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ማግስት ሜዳው ነጭ ለብሶ ይገኛል። በድልድይ ላይና ፀሐይ በማያገኘው የተራራ ጥግ ይኸው ነገር ቀድሞ ይረጋል፤ ዘግይቶም ይቀልጣል።

«ክረምት» የሚለው ቃልም ያሳስታል። የእኛ ክረምት ዝናቡ ነው፤ የተቡክ ብርድ ግን በእኛ በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይውላል።

2. ስለ ቦታው ጠባይ

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ አይጥልባትም። ጀበል አል-ለውዝ ከ2,500 ሜትር እምብዛም ሳይበልጥ በአንዳንድ ዓመታት ነጭ ይለብሳል። ልዩነቱን ያመጣው ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ነው፤ አዲስ አበባ በሰሜን 9ኛው ዲግሪ፣ ተቡክ ደግሞ በ28ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙ፣ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ተቡክን ያገኛታል። በአገራችን ይህን መሰሉ በረዶ አልፎ አልፎ የሚታየው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሽን አካባቢ ነው።

ወደ ላይ በወጣን በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከዶሃ ባሕር ዳር ተነሥቶ 2,500 ሜትር የወጣ ሰው በከፍታው ብቻ 16 ዲግሪ ገደማ ያጣል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ብርዱ ይብሳል። ስለዚህ በዶሃ የምትለበስ ቀላል ጃኬት አትበቃም፤ ሹራብ፣ ጓንት፣ ውሃ የማያስገባ ጫማና ለእያንዳንዱ ሰው ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ያስፈልጋል።

3. ስለ ድንበሩና ስለ ርቀቱ

ቀጠር በየብስ የምትዋሰነው ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ብቻ ነው፤ መውጫውም አንድ ነው፤ በቀጠር በኩል አቡ ሳምራ፣ በሳዑዲ በኩል ሰልዋ። ይህ በር ከጁን 2017 እስከ ጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.) በነበረው የፖለቲካ ቀውስ ተዘግቶ ነበር። የድንበር ደንብ ይለዋወጣልና ከጓደኛ የተሰማው አይበቃም፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤትና ለቀጠር ነዋሪ የሚጠየቀውን ቪዛ ከመነሣት በፊት ከሳዑዲ መንግሥት ምንጭ አረጋግጡ። የመኖሪያ ፈቃዱና ፓስፖርቱ የሚያልቁበት ቀን ይታይ። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ፣ እንዲሁም በሳዑዲ የሚሠራ ኢንሹራንስ መኖር አለበት። ጫትና አልኮል በሻንጣ ውስጥ እንዳይገኙ ሁሉም የራሱን ዕቃ ይፈትሽ፤ የአንዱ ጥፋት የመኪናውን ሰው ሁሉ ያስይዛል።

ከዶሃ በሪያድና በሐኢል በኩል ተቡክ ለመድረስ መንገዱ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ይህ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም። ቢያንስ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ማደር፣ ነጂ መቀያየር፣ ግመል መንገድ ስለሚያቋርጥም በሌሊት አለመንዳት ይገባል። ዝናብ ከጣለ ጎርፍ የሚወርድበትን ዋዲ ከቶ አትሻገሩ።

4. ስለ መኪናው

ሀ. ባትሪ። የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ባትሪን ያስረጃል፤ ድካሙን የሚገልጠው ግን ብርድ ነው። በ0 ዲግሪ ባትሪ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ያጣል። በዶሃ ሞተሩን በግድ የሚያስነሣ ባትሪ ተራራው ላይ አያስነሣም፤ ከጉዞው በፊት አስመርምሩት።

ለ. ራዲያተር። በሙቀት አገር ራዲያተሩን በተራ ውሃ መሙላት የተለመደ ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ግማሽ ውሃና ግማሽ አንቲፍሪዝ የተቀላቀለበት ግን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እንኳ አይረጋም። የመስታወት ማጠቢያው ውሃም እንዲሁ የማይረጋ መሆን አለበት።

ሐ. ጎማ። የሙቀት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መንገድ መያዝ ያቅተዋል። አየሩ በቀዘቀዘ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው ደግሞ የጎማው ነፋስ በ1 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይቀንሳል፤ በ25 ዲግሪ ዶሃ ላይ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሲደርስ 5 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይጎድለዋል። ስለዚህ ነፋሱን እዚያው ለኩ። በሲላይን አሸዋ ላይ እንደለመድነው ጎማ አስተንፍሶ አስፋልት ላይ መንዳት አደገኛ ነው። ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውንም ተመልከቱ።

5. ስለ ነጂው

በበረዶ በረጋ መንገድ ላይ መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ከደረቁ መንገድ እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በአሸዋ ላይ መኪናን የሚያወጣው ነዳጅ መርገጥ ነው፤ በበረዶ ላይ ግን ይኸው ልማድ ገደል ይከታል። ነዳጅም ፍሬንም መሪም በዝግታ ይነኩ። መኪናው ቢንሸራተት እግርን ከነዳጁ ማንሣትና መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ በእርጋታ ማዞር ነው። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወረዳል።

የሳዑዲ የሚቲዎሮሎጂ ብሔራዊ ማዕከል ማስጠንቀቂያ ካወጣ፣ ወይም ፖሊስ መንገዱን ከዘጋ፣ መመለስ የጉዞው ውጤት እንጂ ውድቀት አይደለም። ይህ ውሳኔ በስሜት እንዳይሆን፣ «ተመለሱ» የሚል አንድ ሰው ከዶሃ ሳትወጡ ምረጡ፤ ቃሉም ያለ ክርክር ይከበር።

6. መኪናው በረዶ ውስጥ ቢቆም

ከመኪናው አትራቁ፤ በነጭ ሜዳ ላይ መኪና ከሰው ይልቅ ቶሎ ይታያል። በአገራችን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው ያልተነሡ ቤተሰቦችን የማያውቅ የለም። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይኸው ጋዝ ከመኪና ማርሚታም ይወጣል። በረዶ ማርሚታውን ከደፈነው ጋዙ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የማርሚታውን አፍ መጥረግ፣ ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ብቻ ማስነሣት፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮት ጥቂት መክፈት ግዴታ ነው። ከሰል በመኪና ወይም በድንኳን ውስጥ ከቶ አይነድም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ።

ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃሉ፤ ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ ለገና ጾምም ይስማማሉ። ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ አካፋ፣ መጎተቻ ገመድና የስልክ መሙያ ይጨመሩ። ዶሃ ለሚቀር አንድ ጓደኛ የጉዞው መሥመርና የመድረሻ ሰዓት በጽሑፍ ይሰጠው። ስልክ የዘገየበት ያ ጓደኛ ማንን መጥራት እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ። የአንድ ተማሪ ሕይወት ከኋላው ያለው የቤተሰብ ተስፋ ነው፤ የጉዞው ዝግጅትም የሁላችን ኃላፊነት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ. ከእኛ መካከል ባትሪውንና ራዲያተሩን ባለፉት ስድስት ወራት ያስመረመረ ማን ነው?
2ኛ. በቡድናችን ውስጥ «ተመለሱ» የማለት ሥልጣን ለማን እንስጥ? ለምንስ?
3ኛ. በዶሃ አሸዋ ላይ የለመድናቸው የትኞቹ የአነዳድ ልማዶች በበረዶ ላይ ይጎዱናል?