አዋላጇ ተማሪ እንድታሠለጥን እንዴት እናዘጋጃት?

ለተግባር ልምምድ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚመደብ ተማሪ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ማዋለድን እንጂ ማስተማርን ያልሠለጠነች ባለሙያ እጅ ላይ ነው። ማስተማርም እንደ ማዋለድ በልምምድ የሚያዝ ሙያ ነው። ሥልጠናውን በሆቴል አዳራሽ ሳይሆን እዚያው ጤና ጣቢያ ይስጡ፤ እሷ ለሳምንት ከወጣች ወላዶችን የሚቀበል ሊጠፋ ይችላል።

አስቀድመው ተማሪውን ከላከው ኮሌጅ ጋር፣ ተማሪው ብቻውን የሚሠራውን፣ በአሠልጣኝ ፊት ብቻ የሚሠራውንና ጨርሶ የማይነካውን ለይተው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይለጥፉ።

ቀጥሎ ፔይተን የተባለ ሐኪም ያስተዋወቀውን ባለ 4 ደረጃ ማሳያ በሞዴል ያለማምዷት። ሥራው ለምሳሌ ሌላ ሕፃን በማህፀን አለመኖሩን አረጋግጦ፣ ሕፃኑ በተወለደ 1 ደቂቃ ውስጥ ለእናቲቱ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ መስጠት ይሁን። መጀመሪያ ዝም ብላ ትሠራለች፤ ከዚያ እያብራራች ትደግማለች፤ በሦስተኛው ተማሪው እየተናገረ እሷ ትሠራለች፤ በመጨረሻ ራሱ እየተናገረ ይሠራል። ሦስተኛው ደረጃ እንዳይዘለል አጥብቀው ይከታተሉ፤ ተማሪው ያልገባው ነገር እናት ሳይነካ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ወረፋ ለሚበዛበት ክፍል ደግሞ ኔኸርና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ባለ 5 እርምጃ ዘዴ ይስማማል። የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ግፊቷ 150/100 ሆነ እንበል። አሠልጣኟ «ምን ይመስልሃል?» ትላለች፤ «ለምን እንዲህ አልክ?» ትከተላለች። ከዚያ አንድ ደንብ ብቻ ታስጨብጣለች፦ ከ20 ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140/90 የደረሰች ሴት የሽንት ፕሮቲኗ ሳይታይ፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ዐይን ብዥታ ሳትጠየቅ አትሸኝም። በትክክል የሠራውን ነግራው የሳተውን ታርማለች። ይህን በሦስት ሰው ይለማመዱት፤ አንዱ አሠልጣኝ፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ታዛቢ። ከሁሉ የሚከብደው ከጥያቄው በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ባለሙያ መልሱን ለመናገር ይቸኩላል።

ተማሪን እናት ፊት መቆጣት ይቅር። አደጋ ካለ ሥራውን ወዲያው ትረከበዋለች፤ እርማቱ ግን ለብቻ ይሆናል። እናቲቱንም «እህቴ፣ ተማሪው አብሮኝ ቢያይሽ ትፈቅጃለሽ?» ብላ ትጠይቅ፤ እምቢ ካለች አገልግሎቷ አይጓደል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የኮሌጁ መምህር ሄዶ ስታሠለጥን ይያት። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ደግሞ ተማሪ በያዘች ቀን የተራዋን ጫና ቀንሱላት፤ ጊዜ ያልተሰጣት አሠልጣኝ ማስተማር አትችልም።