«አኖይ»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም

ለማስተማር ልምምድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወረድንበት ሰሞን ያጋጠመችን አንዲት ነገር ናት ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችን። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው፤ የጦሳን ብርድ ለለመደ ሰው የኮምቦልቻ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ከእኛው አንዱ የ7ኛ ክፍል ልጆች ሲንጫጩበት ጊዜ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ «አይ አም አኖዪንግ!» አለ። ተናድጃለሁ ማለቱ ነበር። ልጆቹ መምህር በእንግሊዝኛ ያለውን ሁሉ ተቀብሎ ማስተጋባት ለምደዋልና ስልሳ የሚሆኑት ባንድ ድምፅ «አይ አም አኖዪንግ!» አሉ። ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉን የነበሩት መምህራችን ዝም ብለው ማስታወሻ ያዙ። ለካ ጓደኛችን «እኔ ሰውን የማናድድ ፍጡር ነኝ» ብሎ ኖሯል!

ሐረጎን ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ሳቅን። ኋላ ግን ሳቁ ቀረ። እነዚያ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዘዋት ይሄዳሉ። ደግሞስ እሱ ብቻ ነው እንዴ? ደብተራችንን ብናገላብጥ «አይ አም ቦሪንግ» ያላለ ከእኛ ማን አለ?

ስሕተቱ የሚመጣው ከአማርኛችን ይመስለናል። እኛ «ሰለቸኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ራበኝ» ስንል ባለቤቱ «እኔ» አይደለም፤ ነገሩ በእኛ ላይ ይደርሳል እንጂ እኛ አናደርገውም። እንግሊዝኛው ግን «አይ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቅርጹን መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው። አማርኛው ራሱ መውጫ አለው። «አናደደ» እና «ተናደደ» ከአንድ ሥር፣ ከ«ነደደ» የወጡ ናቸው፤ በ«አ» የሚጀምረው አድራጊው፣ በ«ተ» የሚጀምረው የደረሰበት ነው። እንግዲህ አናዳጁ «አኖዪንግ»፣ የተናደደው «አኖይድ» ነው። «ቦሪንግ»ና «ቦርድ»፣ «ታየሪንግ»ና «ታየርድ» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው፦ «ሂ ኢዝ አኖዪንግ» አናዳጅ ሰው ነው ሲሆን፣ «ሂ ኢዝ አኖዪንግ ሚ» ሲባል ግን እያናደደኝ ነው ማለት ነው። «ሚ» የምትለዋ ተጨማሪ ግሡን ግሥ አደረገችው።

የቃሉ ታሪክም ደስ ይላል። መነሻው «ኢን ኦዲዮ» የሚል የላቲን አነጋገር ነው፤ «በጥላቻ ውስጥ» እንደ ማለት። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ፈረንሳዮች መሰልቸትን «ኧንዊ» የሚሉት የዚሁ ዘመድ ነው። እኛስ «አስጠላኝ» እንል የለ? እንድጠላው አደረገኝ ማለት ነው፤ የላቲኑ ሰው ያሰበውን የወሎ ሰውም አስቦታል።

ዛሬ ግን ቃሉ ያን ያህል አይከብድም። ብዙዎቻችን «ተናደደ» ብለን ብንተረጉመውም ንዴት ይበዛበታል፤ ብሽቀት ይቀርበዋል። ለምሳሌ ያህል ደሴ ላይ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ሮጣችሁ ትገባላችሁ፤ አምስት ወንበር ባዶ ነው። ያኔ የሚሰማችሁ «አኖይድ» ነው። መልስ ከልክሎ ቢሳደብ ደግሞ «አንግሪ» ይሆናል። «ደሜ ፈላ» የምንለውን ለ«ፊዩሪየስ» እንተውለት። «ኢሪቴት» ለሰውም ለቆዳም ያገለግላል፤ ጭስ ዓይን ሲቆጠቁጥም በዚሁ ቃል ይነገራል። በኛም እኮ ነገር ይቆጠቁጣል።

ሰው ላይ ስንበሽቅ «አኖይድ ዊዝ»፣ በነገሩ ሲሆን «አኖይድ አት» ወይም «አባውት» ይባላል። «ኦን» የሚባለው «በእሱ ላይ» ከሚለው አማርኛ የተቀዳ ስለሆነ ይቅር።

አጻጻፉ ሁለት «ኤን» አለው፤ ሲነበብ ግን አይጠብቅም። በኛ ቋንቋ «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ ስለሚለወጥ ድርብ ፊደል ባየን ቁጥር ማጥበቅ ይቀናናል። እንግሊዝኛው ግን ጉልበቱን የሚያሳርፈው «ኖይ» ላይ ነው። «ዋይ»ም ከፊቷ አናባቢ ስላለ እንደ «ወሪድ» ወደ «አይ» አትለወጥም፤ እንደ «ፕሌይድ» ባለችበት ትጻፋለች።

ባለፈው ማክሰኞ ጓደኛችን እዚያው ክፍል ተመልሶ ሁለቱን ቅርጾች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፈና ያለፈው ስሕተት የእሱ መሆኑን ነገራቸው። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ታዲያ ያን ቀን አኖዪንግ የነበርነው እኛ ነን ማለት ነው?» አለችው። «የስ» አላት።