የዓባይ በረሃ ገደል የባሕር ወለል ነበር

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን እንዳለፈ ዓባይ በረሃን መውረድ ይጀምራል። ቁልቁለቱ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ብዙዎቻችን ጠመዝማዛውን መንገድ ፈርተን ዓይናችንን እንጨፍናለን። ሆኖም በመስኮቱ በኩል ሊታይ የሚገባው ነገር ያለው እዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ በታች ግን ቢጫና ግራጫ መልክ ያለው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ገደል ቆሞ እናያለን። ይህ የኖራ ድንጋይ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት በትግራይ ባለች ቦታ ስም «የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ» ይሉታል። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ሲሆን፣ ውፍረቱ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ይለካል።

ይህ ድንጋይ ከምን ተሠራ? በዚያ ዘመን ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር አገሩን ሸፍኖት ነበር። በባሕሩ ይኖሩ የነበሩት ዛጎል ለባሽ ፍጥረታት ሲሞቱ ዛጎላቸው ከደቃቁ የኖራ ጭቃ ጋር ወለሉ ላይ ይረጋል። ንጣፉ በንጣፍ ላይ ሲከመር፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጭኖ ድንጋይ ሆነ። ዛሬም ዛጎሉ በድንጋዩ ውስጥ ይገኛል። የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማወቅ የሚሻ ሰው ድንጋዩን ጫር አድርጎ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያንጠባጥብበት፤ አረፋ ያወጣል። ጥቁሩ ድንጋይ እንዲህ አያደርግም።

«ዛጎሉንማ ያመጣው የኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ ነው» የሚል መልስ በእኛ በወጣቶች መካከል ይሰማል። እንግዲህ ከኖራው ድንጋይ ሥር ያለውን ጄሶ እንመልከት። ጄሶ የሚረጋው የባሕር ውሃ በፀሐይ ተንኖ ጨውነቱ ሲበረታ ነው። እዚህ ቦታ ደግሞ ጄሶው ከጭቃ ድንጋይ ጋር ደጋግሞ ይፈራረቃል፤ ይኸውም ባሕሩ ብዙ ጊዜ እየገባ እየደረቀ እንደኖረ ያሳያል። አንድ ጎርፍ ይህን ሊሠራ አይችልም። ሁሉን ለጥፋት ውሃ መስጠት ለእምነት የመቆም ያህል ቢመስልም፣ በእኔ አስተያየት ድንጋዩን ሳያዩ መፍረድ ነው።

ባሕሩ ከሸሸ፣ ጥቁሩ ድንጋይም ከላይ ከፈሰሰ በኋላ ምድሪቱ ከፍ አለች፤ ዓባይም ቁልቁል እየቆረጠ ንጣፎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ጠንካራው የኖራ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ለስላሳው ጄሶና ጭቃ ድንጋይ ተሸርሽሮ ተዳፋት ይሆናል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ቀለል ያለ አሲድ ነው፤ በስንጥቁ ገብቶ ኖራውን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። (በባሌ የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የቦረቦረው በዚሁ ዓይነት ነው፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።) ውሃው ጭቃ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ እንደ ልብ ማለፍ ስለማይችል ይጠራቀማል፣ ያርሰዋል፣ ያንሸራትተዋል። ክረምት በገባ ቁጥር አስፋልቱ የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው ስለዚህ ነው። መንገዱ በየጊዜው ቢጠገንም ከሥሩ ያለው መሬት ወደ ወንዙ መውረዱን አልተወም።