«ነፃ ትምህርት» ለማን ነፃ ነው?



በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንግሥት የትምህርትን ወጪ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ እንዲሸፍን ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እንግዲህ በሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ሁሉም እኩል ይገባሉን?

የገጠሩን ልጅ እንመልከት። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመንደሩ አቅራቢያ ያገኝ ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው በከተማ ነው። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግሩ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ እሑድ በሶውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ሐሙስ ሳይደርስ ካለቀ በባዶ ሆዱ ይማራል። አጨዳ ሲደርስ ደግሞ አባቱ ጉልበቱን ይፈልጋል። ለልጃገረዷ ይብሳል፤ ወላጆቿ በኪራይ ቤት ጥቃት እንዳይደርስባት ስለሚሰጉ፣ ከ8ኛ ክፍል በኋላ ቤት የምትቀረው ብዙ ናት።

ስለዚህ ክፍያው በትምህርት ቤቱ በር ላይ አልተጠየቀም እንጂ በመንገድ፣ በኪራይና በስንቅ ተከፍሏል። ፈተናው ግን ለሁሉም አንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ከወደቁት ውስጥ ማን ሰነፍ እንደ ነበረ፣ ማን ደግሞ ርቦትና ደክሞት እንደ ነበረ ውጤቱ ብቻውን አይነግረንም።

እንግዲህ ፍትሕ ማለት በሩን መክፈት ብቻ አይደለም፤ ወደ በሩ የሚያደርሰውን መንገድም ማቅናት ነው። ትምህርት ቤቱን ወደ ገጠሩ ማቅረብ፣ ለሴቶች ልጆች ማደሪያ መሥራት፣ ለተማሪዎች ምሳ ማዘጋጀት የመንግሥትና የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ በአነጋገራቸውና በአለባበሳቸው መሳለቅን እንተው። ሁለተኛ፣ ተምረን የጨረስንባቸውን መጻሕፍት እናውሳቸው። ሦስተኛ፣ መብራት ባለበት በአዳራሻችን በሳምንት ሁለት ማታ አብረን እናጥና። በሒሳብ እኛ ብንረዳቸው፣ በትዕግሥትና በጽናት እነርሱ ያስተምሩናል።

ለመወያያ፦ በሰፈራችን ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ስንት ናቸው? ከእነርሱስ ስንቱን በስሙ እናውቃለን?