የቀን ደመወዝ በእህል ሲመዘን

ለቆሼና ለማረቆ አካባቢ ገበሬዎች እንዲሁም ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ባለፈው ክረምት የበርበሬ አረም በደረሰበት ወራት፥ በቆሼ ገበያ ዳር ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው በርበሬውን የሚያሳርም ገበሬ፥ ሁለተኛው በቀን ሥራ የሚተዳደር ጎልማሳ ነበር። ገበሬው «አባትህ ለአባቴ በቀን በሦስት ብር ያርም ነበር፤ አንተ ግን ሁለት መቶ ብር አነሰኝ ትላለህ» አለው። ሠራተኛውም «አባቴ በሦስቱ ብር ቤቱን ያበላ ነበር፤ እኔ በሁለት መቶው የልጆቼን እራት እንኳ ሞልቼ አልገባም» ሲል መለሰለት።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ነገር ግን አንደኛው የብሩን ቍጥር፥ ሁለተኛው ብሩ የሚገዛውን ነገር ይቈጥር ስለ ነበር ሊስማሙ አልቻሉም። ይህ ትምህርት የተጻፈው እንዲህ ያለው ክርክር በስሌት እንዲፈታ ለመርዳት ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል አንድ የተማሪ ልጅ በቤት ውስጥ ካለ ይበቃል።

፩. ብር መለኪያ ነው፤ መለኪያው ግን ራሱ ይለዋወጣል

በቁና እህል የሚሰፍር ሰው የቁናው መጠን ከዓመት ወደ ዓመት ቢያንስ ብዙ ቁና ሰፈርሁ ብሎ ደስ ሊለው አይገባም። ብርም እንዲሁ ነው። ዛሬ የምንገበያይበት ገንዘብ በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ያህል ይመነዘር ነበር። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆኖ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ 5 ብር ሆነ። ከዚያ በኋላ እየጨመረ ሄዶ በ2016 ዓ.ም. 57 ብር ያህል ደረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

«እኛ ዶላር አንሸጥ አንገዛ፤ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ገበሬ ይኖራል። ነገሩ ግን ይመለከተዋል። የማዳበሪያ፥ የነዳጅ፥ የጸረ ተባይ መድኃኒትና የብዙ ልብስ ዋጋ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሬ ነው። ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ገብቶ በጭነት መኪና ቆሼ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የብር ዋጋ ሲወርድ የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ ይወጣል። ከዚህ በቀር በ2000 ዓ.ም. እና በ2014 ዓ.ም. እንደ ሆነው፥ ጠቅላላው የኑሮ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ30 ከመቶ በላይ የጨመረበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ዓመት ደመወዙ ያልተጨመረለት ሰው ደመወዙ እንደ ተቀነሰበት ይቈጠራል።

፪. ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

የአንዱን ቀን ደመወዝ በአንድ ኪሎ በቆሎ ዋጋ አካፍሉ። የምታገኙት ቍጥር አንድ ሰው በአንድ ቀን ሥራ ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ ያሳያል። በቆሎን የመረጥነው በአካባቢያችን ድኻውም ሀብታሙም የሚበላው እህል ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ቍጥሮች ለመማሪያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። እናንተ በየገበያችሁ ያለውን ትክክለኛ ዋጋ አግቡበት።

በአባት ዘመን፦ ደመወዝ 3 ብር፥ አንድ ኪሎ በቆሎ 60 ሳንቲም ቢሆን፥ የአንድ ቀን ሥራ 5 ኪሎ በቆሎ ያወጣል።

በልጅ ዘመን፦ ደመወዝ 200 ብር፥ አንድ ኪሎ በቆሎ 50 ብር ቢሆን፥ የአንድ ቀን ሥራ 4 ኪሎ በቆሎ ያወጣል።

እንግዲህ በብር ሲቈጠር የልጁ ደመወዝ ከአባቱ ከስድሳ ዕጥፍ በላይ ሆኗል። በእህል ሲመዘን ግን በየቀኑ አንድ ኪሎ ጐድሎበታል። አባቱ ካገኘው ጋር እኩል እንዲሆን 250 ብር ሊከፈለው ይገባ ነበር።

ደግሞ ሌላ ምሳሌ እንይ። አምና ደመወዙ 200 ብር፥ በቆሎው 40 ብር ነበር እንበል። ዘንድሮ ደመወዙ 220 ብር፥ በቆሎው 50 ብር ሆነ። አሠሪው «ጨምሬልሃለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም አምና 5 ኪሎ የነበረው ዘንድሮ ወደ 4 ኪሎ ከ400 ግራም ወርዷል። ጭማሪው የተሰጠው በብር ሲሆን፥ ቅናሹ የደረሰው በማዕድ ላይ ነው።

ሕግ በዚህ ነገር ምን ይላል? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ያመለክታል፤ አዋጁ ራሱ ግን መጠኑን አልወሰነም። ስለዚህ በአረምና በለቀማ ጊዜ ዋጋው የሚቆረጠው በእናንተው በአሠሪውና በሠራተኛው ስምምነት ነው። ስምምነቱ በእህል ስሌት ላይ ቢመሠረት ለሁለቱም ይበጃል። ጠግቦ የማያድር ሠራተኛ አረሙን ከሥሩ አይነቅልም።

፫. ደመወዙ ብቻውን የማያሳየው ነገር

የአባትን ኑሮ ከልጁ ጋር ስናነጻጽር ደመወዝን ብቻ መመልከት አይበቃም። ለአባቶቻችን የቀን ሥራ ተጨማሪ ገቢ ነበር፤ ዋናው ኑሮአቸው ከመሬታቸው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፥ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ። አቅመ ደካሞች ካልሆኑ በቀር ሰው ቀጥሮ ማሳረስንም ከለከለ። ጭሰኛ የነበረው ሁሉ የሚያርሰው መሬት አገኘ። በቅጥር ማሳረስ እንደ ገና የተፈቀደው በ1982 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል ሕዝቡ በዛ። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ግን ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። መሬቱ አልሰፋም። አባት አራት ጥማድ ይዞ ለአራት ወንዶች ልጆቹ ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ጥማድ፥ ማለት ሩብ ሔክታር ነው። ስለዚህ ለአባቱ ተጨማሪ የነበረው የቀን ሥራ ለልጁ ዋና መተዳደሪያ ሆነበት። አባቱ ወተቱን ከበረቱ፥ ማገዶውን ከደጁ ያገኝ ነበር፤ ልጁ ይህን ሁሉ በዚያው በሁለት መቶው ብር ይገዛል።

ይህን የምንለው የቀድሞው ዘመን ሁሉ ያማረ ነበር ለማለት አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃን ክትባት አጥቶ ይሞት ነበር፤ ትምህርት ቤትም ለጥቂቶች ብቻ ነበር። ሆኖም ልጁ ሰነፍ ስለ ሆነ ኑሮ ከበደው ማለት ስሕተት መሆኑን ሁሉም ማወቅ አለበት።

፬. ልጅን ለቀን ሥራ ስለ መላክ

የጉራጌ አገር ሰው ልጁን ወደ አዲስ አበባ መላክ የቆየ ልማዱ ነው። ሠርቶ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ሲመለስ ቤት ይሞላል። ዛሬ ደግሞ ከቆሼ አካባቢ ወደ ባቱ (ዝዋይ) አበባ እርሻዎች የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። መሄዱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መቼ ቢሄድ ይጠቅማል? የሚለውን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

በሐምሌ ወር ለሠላሳ ቀን የሄደ ልጅ እንውሰድ። 24 ቀን ቢሠራ፥ በቀን 200 ብር ሒሳብ 4,800 ብር ያገኛል። ከዚህ ላይ ለምግብ በቀን 90 ብር ለሠላሳ ቀን 2,700 ብር፥ ለመኝታ 600 ብር፥ ለመጓጓዣ 400 ብር፥ በጠቅላላው 3,700 ብር ይወጣል። በእጁ የሚቀረው 1,100 ብር ነው፤ ይኸውም በ50 ብር ሒሳብ 22 ኪሎ በቆሎ ይገዛል።

በዚያው ወር በቤቱ በርበሬው አረም ውጦታል። አባቱ ለአሥር ቀን አራሚ በ150 ብርና በምሳ ቢቀጥር 1,500 ብር፥ የምሳውን ሳንቈጥር፥ ያወጣል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ልጁን በመላኩ 400 ብር ከስሯል። አራሚ ሳይቀጥር ቢቀር ደግሞ ጉዳቱ በበርበሬው ላይ ይሆናል፤ ያም ከዚህ የበለጠ ነው።

ያው ልጅ በርበሬው ተለቅሞ፥ እህሉ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ በጥርና በየካቲት ቢሄድ ግን 1,100ው ብር ሙሉ ትርፍ ነው። እንግዲህ ልጅ ለመላክ የሚሻለው በቤት ሥራ በሌለበት ወራት ነው።

፭. ማዳበሪያንም በእህል መዝኑ

አንድ ኩንታል ዩሪያ 5,000 ብር ቢሆን፥ በቆሎአችሁን በክረምት በ50 ብር ብትሸጡ 100 ኪሎ ይበቃችኋል። በመኸር ወራት ገበያው ሲሞላ በ30 ብር ብትሸጡ ግን 167 ኪሎ ያህል ትከፍላላችሁ። ማዳበሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሽያጩ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዕዳና ግብር ከከፈላችሁ በኋላ የቀረውን በቆሎ በደንብ አድርቃችሁ፥ ነቀዝ እንዳይበላው አየር በማያስገባ ከረጢት አስራችሁ አቆዩ።

ማዳበሪያ ስትገዙ ይህን ደንብ ያዙ፦ ማዳበሪያው የሚጨምርላችሁ ምርት ከማዳበሪያው ዋጋ ቢያንስ ሁለት ዕጥፍ መሆን አለበት። የ100 ኪሎ በቆሎ ዋጋ አውጥታችሁ ከሆነ ከ200 ኪሎ የማያንስ ጭማሪ ማየት ይገባችኋል። ዩሪያን በአንድ ጊዜ አትጨርሱ፤ በደረቅ መሬትም ላይ በትናችሁ አትተዉ። ከፋፍላችሁ፥ አፈሩ ርጥበት ሲኖረው አድርጋችሁ አፈር አልብሱት። ብስባሽ አዘጋጁ። ቦሎቄን እያፈራረቃችሁ ዝሩ፤ ቦሎቄ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈሩ ይተዋልና የማዳበሪያ ወጪን ያቃልላል።

፮. ከበርበሬ የሚገኘውን ገቢ ስለ መጠበቅ

ማረቆ ስሙ የታወቀው በበርበሬው ነው። በምርምር ተመርጦ የወጣው «ማረቆ ፋና» የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ዛሬ ግን ሥር የሚያበሰብስና ተክል የሚያጠወልግ በሽታ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። ስለዚህ፦

ሀ) በርበሬ በነበረበት ማሳ ላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በቆሎ፥ ጤፍ ወይም ቦሎቄ አፈራርቁ። ቲማቲምና ድንች የበርበሬ ዘመዶች ስለ ሆኑ በመካከል አትትከሉ።

ለ) ውሃ የሚተኛበትን ማሳ ተዉ፤ ወይም ቦይ አውጥታችሁ ችግኙን በመደብ ላይ ትከሉ።

ሐ) በመደዳ መካከል 70፥ በተክል መካከል 30 ሳንቲሜትር ተዉ። በዚህ ርቀት አንድ ጥማድ 12,000 ያህል ችግኝ ይይዛል።

መ) የጠወለገውን ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ አቃጥሉ። ዘር ከታመመ ተክል አትያዙ።

ሠ) በርበሬውን በባዶ መሬት ላይ አታስጡ። ክብደት እንዲጨምር ብላችሁም ውሃ አትርጩበት፤ ሻጋታ ያመጣል፤ ሻጋታውም የሚበላውን ሰው ይመርዛል፤ የማረቆንም ስም ያጠፋል።

፯. ለልማት ሠራተኞች

እናንተም ደመወዝተኞች ስለ ሆናችሁ ይህ ነገር በቤታችሁ የምታውቁት ነው። አንድ ደብተር ያዙ። በየሳምንቱ በገበያ ቀን አምስት ዋጋዎችን ጻፉ፦ የቀን ደመወዝ፥ የበቆሎ፥ የጤፍ፥ የደረቅ በርበሬና የዩሪያ። በየወሩ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ለተሰበሰቡት ሁሉ አንብቡላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ መቼ መሸጥ፥ መቼ መግዛት፥ መቼም ልጅ ለሥራ መላክ እንደሚሻል ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል። ሠራተኛ መቅጠር ለማይችሉ ቤተ ሰቦች ደቦና ወንፈል እንዲጠናከር ምከሩ። በወንፈል የተሠራ አንድ ቀን በአንድ ቀን ይመለሳል፤ የብር መውጣትና መውረድ አይነካውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አባታችሁ ወይም አንድ ሽማግሌ በወጣትነቱ በአንድ ቀን ሥራ ስንት ኪሎ እህል ይገዛ ነበር? እናንተስ ዛሬ?
2. በዚህ ዓመት ለአራሚ የከፈላችሁት ደመወዝ በእህል ሲመዘን ከአምናው በልጧል ወይስ አንሷል?
3. ልጃችሁ ለቀን ሥራ በሄደበት ወር በቤት የቀረ ሥራ ምን ነበር? ዋጋውስ ስንት ነው?

በቆሼ ገበያ የተከራከሩት ሁለቱ ሰዎች ከስሌቱ በኋላ ምን ላይ ደረሱ? ገበሬው 250 ብር ለመክፈል አቅም እንደሌለው ገለጸ፤ የበርበሬው ዋጋ አልተነሣለትም ነበርና። ነገር ግን 200 ብርና ምሳ፥ በበርበሬ ለቀማም ጊዜ አንድ ቁና በቆሎ ሊጨምርለት ቃል ገባ። ሠራተኛው ተስማማ፤ በማግሥቱም ወደ ማሳው ወረደ። ስሌት ዋጋን አያረክስም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ መለኪያ እንዲነጋገሩ ግን ያደርጋል። የማረቆ እናቶች በርበሬ ሲደቍሱ አስቀድመው እንደሚመጥኑ፥ እናንተም ወቅቱ ሳይደርስ ሒሳባችሁን መጥኑ።